ቸርኬ ቤት ውስጥ ማደስ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

የጋራዥ ሰው አይደለሁም። የቪትዜን አራት የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ግቢዬ ውስጥ ራሴ አድሻለሁ። አንዷን ቸርኬ ሁለቴ አበላሽቻታለሁ፤ የማውቀውን አብዛኛውን ያስተማረችኝም እሷ ናት። ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ እነሆ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ቀባሁት። በሁለት ወሩ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ቀለሙ ፎርጅድ ነበር ማለት ነው?

ቀለሙን ለቀቅ አድርገው ወንድሜ። የኔም እንደዛው ተልጣ ነበር። በቤንዚን ወልውዬ፣ ደረቅ ስትል ለብረት በር የሚሆን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋውን መነሻ) ነፋሁባት። ሁለቱም ስህተት ነው። ቤንዚን ሲተን ስስ ቅባት ትቶ ይሄዳል። አሉሚኒየም ደግሞ ተራ ፕራይመር በደንብ አይዝም። ቀለም ቤት ስትሄድ «ኤች ፕራይመር» በል፤ በውስጡ ያለው አሲድ ብረቱን ነክሶ ይይዛል።

ከዚያ በፊት ግን ጉልበት አለ። መጀመሪያ በላርጎና በብሩሽ እጠበው፣ የፍሬን ሸራ ብናኝ የተጋገረበትን የውስጥ ጥግ ሳይቀር። ሲደርቅ በንጹህ አልኮል ጥረገው። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል)፦ የተቧጨረው ቦታ በ120 ይጀምራል፣ በ240 ይቀጥላል፣ መላው ቸርኬ በ400 በውሃ ይታሻል። አሮጌው ቀለም ሁሉ መነሳት የለበትም፤ ማንጸባረቁ ይጥፋ እንጂ። የሚላጥ ጠርዝ ካለ ግን ጥፍርህን አስገባበት፤ ከተነሳ ገና ነው። እኔ ለአንዱ ቸርኬ ሦስት ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ መቀባቱ ግን ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ስትጨርስ እንደገና በአልኮል ጥረግ፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅህ አትንካው።

ጥያቄ፦ ጎማውን ከቸርኬው ሳላወጣ ይሆናል?

ይሆናል። ትንሽ ንፋስ ቀንሺና የመጫወቻ ካርታ ፈልጊ። ካርታዎቹን በጎማውና በቸርኬው ጠርዝ መሃል እየሻጥሽ ዙሪያውን አነባብረሽ ደርድሪ። ልክ እንደ አበባ ይሆናል። ቀለሙ ካርታው ላይ ያርፋል፣ ጎማው ንጹህ ይቀራል። አንድ ሙሉ ካርታ ተርፎ ይበቃል። ጎማሽ በየሳምንቱ ንፋስ የሚቀንስ ከሆነ ግን ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ጠርዝ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጎሚስታ ያውጣልሽ፣ እሱም ይጸዳ።

ጥያቄ፦ ጠርዙን የእግረኛ መንገድ በልቶታል። ስቱኮ ይይዛል?

ላይ ላዩን ከሆነ በሞረድና በ120 ወረቀት ይስተካከላል። ጎድጎድ ካለ ስቱኮ ይይዛል፤ ግን ባዶው ብረት ላይ ይለጠፍ፣ ኤች ፕራይመር ላይ አይደለም። ስንጥቅ ካየህ ግን አቁም። ስንጥቅን በስቱኮ ሸፍኖ ማሽከርከር በራስ ላይ መፍረድ ነው።

ጥያቄ፦ በክረምት መቀባት ይቻላል?

ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ አልመክርም። አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ የሚነፋው ቀለም አልባ ማንጸባረቂያ) ወተት መስሎ ይነጣል። በበጋ ደግሞ ጣጣው አቧራ ነው። መሬቱን ውሃ አርከፍክፉበት፣ ነፋስ ሳይነሳ ጠዋት ጀምሩ። የሚነፋውን የቀለም ጣሳ ከቸርኬው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አርቁ፣ ስስ ስስ አድርጉ፣ በየመሃሉ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቁ። ወፍራም የነፋ ይንጠባጠብበታል።

ጥያቄ፦ ስንት ጣሳ ልግዛ?

ለአራት ባለ 14 ኢንች ቸርኬ፣ ፊቱን ብቻ፣ ባለ 400 ሚሊ ሁለት ፕራይመር፣ ሁለት ቀለም፣ ሁለት ክሊር ጨርሻለሁ።

ጥያቄ፦ ባለ ሱቁ ማድረቂያ የሚቀላቀልበት ክሊር ይሻላል አለኝ።

በጥንካሬ አልዋሸህም። ግን ውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ሳንባ ይጎዳል፤ የኮሮና ጊዜ ማስክ አያስጥለውም። ልጆች የሚሮጡበት ግቢ ውስጥ እኔ አልነፋውም።

ጥያቄ፦ ክሮም የሆነውስ?

ተወው። ቀለም አይዝልህም።

ጥያቄ፦ ዳዶ የሚገባበትንም ልቀባ?

አትቀባ! ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ዳዶው የሚያርፍበት ቦታና ቸርኬው መኪናው ላይ የሚገጥምበት ጀርባ ቀለም ከያዙ፣ ቀለሙ ሲጨፈለቅ ዳዶው ይላላል። በወረቀት ቴፕ ሸፍናቸው። ቪትዝ ዳዶ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፤ የማጥበቂያ ኃይሉን የሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ሬንች) ከሌለህ ጎሚስታው ጋ ሂድ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ደግመህ አስጠብቅ።

ጥያቄ፦ አራቱን በአንድ ቀን ልጨርስ?

መኪናህን በምን ታቆማታለህ? በክሪክ ብቻ ተንጠልጥላ እንዳታድር፤ ክሪክ ይንሸራተታል፣ ብሎኬትም ይሰነጠቃል። እኔ አንዱን እያወጣሁ ቅያሪ ጎማውን እገጥማለሁ። የተቀባው ቢያንስ 24 ሰዓት ይደርቃል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ሐሙስ የጀመርኩት እሑድ ማታ አላለቀም ነበር። ሰኞ ሥራ የሄድኩት በታክሲ ነው።