«ቤቴን ሸጬ አራጣውን ልገላገል?»

ጥያቄ፦ ደሴ ሸዋ በር መጋረጃና አልጋ ልብስ እየሰፋሁ እሸጣለሁ። በ2014 በጦርነቱ ሱቄ ሲዘረፍ የባንክ ብድር ነበረብኝ፤ ቤቴም በመያዣነት ተይዟል። ብድሩን እስካሁን እየተንገዳገድኩ ስከፍል ቆይቼ ባለፈው ወር አቃተኝ። ዐምና ሱቁን ለመሙላት ከአንድ ግለሰብ 200 ሺህ ብር በወር 10 በመቶ ወለድ ወስጃለሁ። ባዶ ቼክ ላይ ፈርሜ ሰጥቼዋለሁ። የከፈልኩት ወለድ ከዋናው አልፏል፤ ዋናው ግን እንዳለ ነው። አሁን «ቼኩን ባንክ አስገባዋለሁ» እያለ ያስፈራራኛል። መርካቶም የዱቤ ዕዳ አለብኝ። ቤቱን ልሽጠው? ወይስ ከሰርኩ ብዬ ባመለክት ዕዳው ይሰረዝልኛል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ለዚህ ሰውዬ ብለሽ ቤትሽን አትሽጪ። ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ብዙዎች የሚመጡት ከሸጡ በኋላ ነው፤ ያኔ የማደርገው ነገር ትንሽ ነው። ያናድደኛል።

ከአራጣው ልጀምር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ላንቺ ብድር ይህ በዓመት 24 ሺህ ብር ነው። እሱ የሚጠይቅሽ 240 ሺህ! አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። ስለዚህ የላክሽበትን ደረሰኝ ሁሉ፣ የቴሌብር መልእክቱንም ጭምር፣ ሰብስቢ። እጅ በእጅ ከእንግዲህ አትክፈዪ።

ቼኩ ግን አንቺንም ያስከስሳል። ስንቅ የሌለው፣ ማለትም በሒሳቡ በቂ ገንዘብ የሌለበት ቼክ መስጠት ወንጀል ነው። «ለመያዣ ነው የሰጠሁት» ማለት ብቻውን አያድንሽም። ስለዚህ ቼኩ ባንክ ሳይገባ ጠበቃ ያዢ፤ ሰውየው የሚያፍራቸውን ሽማግሌዎችም ላኪበት። እነሱ ፊት ቼኩ ይመለስ፣ የከፈልሽው ይታሰብ፣ ቀሪ ካለ በጽሑፍ ውል ይሁን። በቃል ብቻ ታርቀሽ እንዳትመለሺ።

ባንኩ ጋ ጊዜ የለሽም። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ የተበላሸ ተብሎ ይመዘገባል። በአዋጅ 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በጨረታ መሸጥ ይችላል። ደብዳቤው እስኪመጣ አትጠብቂ።

ከሰርኩ ስለማለቱ፦ በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ ለነጋዴ ሦስት መንገድ አለው። ገና ሳይከስር በፍርድ ቤት በኩል ከባለገንዘቦች (ዕዳ ከሚጠይቁት) ጋር መስማማት፣ ንግዱን መልሶ ማደራጀት፣ የመጨረሻው ኪሳራ ነው። ኪሳራ ንብረትሽ ተሸጦ ለባለገንዘቦች የሚከፋፈልበት እንጂ «ዕዳሽ ተሰርዟል» ተብለሽ በነጋታው የምትወጪበት አይደለም። ላንቺ የሚሻለው የመጀመሪያው ነው። ንግድ ፈቃድሽንና የሽያጭ መዝገብሽን አዘጋጂ። (ደመወዝተኛ ለሆናችሁ አንባቢዎች ይህ በር ክፍት አይደለም፤ የእናንተ ጋሻ ከደመወዛችሁ ከሲሶው በላይ አለመቆረጡ ነው።)

ተፈርዶብሽ ንብረትሽ ቢከበር፣ ማለትም ለዕዳው ቢያዝ እንኳ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ የማይነካቸው አሉ፦ አልጋና የምግብ ማብሰያሽ፣ ለቤተሰብሽ የሦስት ወር ቀለብ፣ የሙያ መሣሪያሽ። መጋረጃ የምትሰፊበት መኪና የሙያ መሣሪያሽ ነው። በሽብር ተነስተሽ እንዳትሸጪው።

የመርካቶው ነጋዴ ቀላሉ ነው። ስልኩን አትዝጊበት፤ ያልተሸጠውን ዕቃ መልሶ ይወስድ እንደሆነ ጠይቂው።

ሰኞ ጠዋት ግን መጀመሪያ ባንክ ግቢ። የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልሽ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ያዢ፤ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመትተሽ ይዘሽው ውጪ።