የቆዳ መቀመጫውን ቅቤ እንዳትቀባው

አብሽር ወንድሜ! ከውጭ የተላከልህ የሳይክል የቆዳ መቀመጫ እንደ ድንጋይ ሆኖብህ ሁለት ሳምንት እንደተሰቃየህ ጽፈሃል። «ቅቤ ቀብቼ ፀሐይ ላይ ላውለው ወይስ የድሮውን የስፖንጅ መቀመጫ ልመልስ?» ነው ጥያቄህ። ሁለቱንም አታድርግ።

የስፖንጁ መቀመጫ ከሥሩ ፕላስቲክ አለው። የቆዳው ምንም የለውም። ወፍራም ቆዳ ከፊትና ከኋላ ብረት ላይ ተመትቶ ተወጥሯል፤ በቃ። የጠፍር አልጋ ላይ ተኝተህ ታውቃለህ? አዲስ የተጠፈረ ሲሆን ጎን ይቆረቁራል። ሲከርም የተኛህበት ቦታ ይረግብልሃል። ይሄም እንደዚያው ነው። የሚረግበው ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶችህ ያረፉበት ቦታ ነው። ሌላው እንደጠነከረ መቅረት አለበት፤ የሚሸከምህ እሱ ነዋ።

እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያዬን ከላይም ከሥርም የኑግ ዘይት አጠጣሁትና ፀሐይ ላይ አዋልኩት። በሳምንቱ እንደ ሶፋ ተመቸኝ። ወር ሳይሞላ ግን መሃሉ ሰመጠ፣ ጎንና ጎኑ ወደ ውጭ ተከፈተ፣ ጭኔን ላጠው። ከአፍንጫው (ከመቀመጫው ቀጭን የፊት ጫፍ) ሥር ያለችውን፣ ቆዳውን የምትወጥረውን ብሎን ባጠብቅ ባጠብቅ ወይ ፍንክች! ዘይት የጠገበ ቆዳ ውጥረት አይይዝም። ቅቤም ያው ነው፤ በዚያ ላይ ይሸታል፣ ሱሪ ያበላሻል። አብሮት የመጣ የቆዳ ቅባት ካለ በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባው፤ አሳድረውና ወልውለው። ከዚያ በኋላ ለወራት አትንካው። የሊስትሮ ቀለምም ይቅርብህ፤ ሱሪህ ላይ ይለቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቆዳው ሳይሆን የአቀማመጡ ነው። ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፈህ ውጣበት። ተረከዝህን ታች የወረደው ፔዳል ላይ አድርግ። እግርህ ልክ ቀጥ ማለት አለበት። ተረከዝህ ካልደረሰ መቀመጫው ከፍ ብሏል፤ ስትነዳ ዳሌህ ግራ ቀኝ ይዋልላል፣ የሚልጥህም እሱ ነው። ቀጥሎ መቀመጫው ላይ ከፊት ወደ ኋላ ጣውላ አጋድምበትና በጎን እየው። አፍንጫው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ቀና ይበል። ወደ ታች ካዘነበለ ወደ ፊት እየተንሸራተትክ ክብደትህ እጅህ ላይ ይወድቃል። አንዴ ትንሽ ብቻ አስተካክል፤ ሦስት ቀን ነድተህ እንደገና እየው።

ከዚያ አጭር አጭር ንዳ። እኔ ሁለተኛውን ያለማመድኩት ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ሜዳ ሜዳውን፣ ሥራ ደርሶ መልስ በቀን 8 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳሁ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ልግባ ብለህ አሁን እንዳትሞክር፤ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ተቀምጦ መግፋት ለአዲስ መቀመጫ አይሆንም። ሦስት ወር ገደማ፣ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ሲሆነኝ፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ፀሐይ በጎን ስትመታው ቆዳው ላይ የስኒ አፍ የሚያክሉ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አየሁ። የቀኙ ትንሽ ጠለቅ ይላል። በአውራ ጣቴ ስጫነው እዚያ ብቻ ይሰጣል፤ ዳር ዳሩ አሁንም ጠንካራ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጫው ትዝም አይለኝ። ያንተ ቀድሞም ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል፤ እንደ ክብደትህና እንደ ቆዳው ውፍረት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። አጥንትህ ላይ የሚሰማህ ሕመም ያለ ነው፤ ይለቃል። ፊት ለፊት፣ ብልትህ አካባቢ፣ መደንዘዝ ከመጣ ግን አትቻለው። ቁም፣ አፍንጫውን በጥቂቱ ዝቅ አድርግ፣ ከፍታውንም እንደገና ለካ። ያም ሆኖ ከደነዘዘህ ስፋቱ ላንተ አይሆንም ማለት ነው፤ ያኔ ያለ ጸጸት ቀይረው።

ክረምት ሲገባ ፌስታል አልብሰው። የጭቃ መከላከያም አስገጥም፤ ውሃ ከጎማው ተነስቶ ከሥር ነው የሚገባው። ከራሰ አትቀመጥበት፣ እሳት ዳርም አታስጠጋው፤ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ብሎኗን ለጊዜው እርሳት። መሃሉ በግልጽ ሲረግብ ሩብ ዙር ብቻ ታጠብቃታለህ።

እስቲ ዛሬ ጣውላውን አጋድምና በጎን ያነሳኸውን ፎቶ እዚህ ለጥፍልኝ፤ አይቼ እነግርሃለሁ።