ወንድሜ በውክልናዬ የሰበሰበውን ኪራይ ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ነው። ወንድሜ የአዲስ አበባውን ቤቴን አከራይቶ ገንዘቡን ባንክ እንዲያስገባልኝ ወክዬው ነበር። ሦስት ዓመት ግማሹን ብቻ እያስገባ ቀሪውን ለንግዱ አዋለው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ውክልናውን ይሻሩ። በኤምባሲ ያረጋገጡትን የመሻሪያ ሰነድ ለውልና ማስረጃ ያድርሱ፤ ተከራዩንና ባንኩንም በጽሑፍ ያሳውቁ። ብዙዎች የሚጎዱት ይህን ስለሚዘነጉ ነው፤ መሻሩን ያልሰማ ተከራይ በቅን ልቦና ለወንድምዎ የከፈለውን ድጋሚ ክፈል ማለት ያስቸግራል።

ቀጥሎ ሒሳቡን እንዲያቀርብ በደብዳቤ ይጠይቁት። ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዞ ቢሆን እንኳ ይህን ደብዳቤ አይተዉት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2208 ተወካይ ለወካዩ ጥብቅ ታማኝነት እንዳለበት ይደነግጋል። ክስዎ በዚሁ ግዴታ ላይ ይቁም፤ ያላግባብ መበልጸግ (ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት መጠቀም፣ ቁጥር 2162) በአማራጭ ይቅረብ። ያላግባብ መበልጸግን ብቻ ከያዙ ክርክሩ ወንድምዎ ባገኘው ጥቅም ልክ ይወሰናል። የ9 በመቶ ሕጋዊ ወለድም ይጠይቁ። የኪራይ ውሉ፣ የባንክ መግለጫውና የተከራዩ ምስክርነት ያስፈልጋሉ።

ውክልናው «ይሽጥ፣ ይለውጥ» የሚል ቃል ካለበት ግን ጊዜ አይስጡ፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት ቤቱ እንዳይሸጥ ከክሱ ጋር የእግድ አቤቱታ ያቅርቡ።