ለአርባ ወንበር ግቢ ምን ያህል ድምፅ ይበቃል?

ውድ እህታችን፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው የቤተሰብዎ ግቢ አርባ ወንበር ደርድረው በመጪው ጥቅምት በሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች የሙዚቃ ምሽት ሊያዘጋጁ እንዳሰቡ፣ የመጀመሪያው ለባህላዊ ሙዚቃ፣ ሁለተኛው ለብሉዝ፣ ሦስተኛው ለጃዝ እንደሚሆን ገልጸው፣ ምን ዓይነት የድምፅ መሣሪያ ቢከራዩ እንደሚሻልና ሰዉ በቅጡ እንዲያደምጥ ምን ማድረግ እንደሚገባ ጠይቀዋል። እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ ከእርስዎ ግቢ በማይበልጥ ቦታ ለአራት ዓመታት ያህል እንዲህ ያሉ ምሽቶችን ሳዘጋጅ ስለቆየሁ ያየሁትን በዝርዝር ልጽፍልዎ ወደድሁ።

በመጀመሪያው ዓመት እኔም ከሁሉ አስቀድሜ የተጨነቅሁት ስለ ስፒከር ነበር። ለሠርግ መሣሪያ ከሚያከራይ ሰው የሰው ቁመት የሚያህሉ ሁለት ስፒከሮችና አንድ ሚክሰር ተከራይቼ በግቢው ሁለት ማዕዘን አቆምኋቸው። ግቢው በድንጋይ አጥር የተከበበና በአንድ ወገኑ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው በመሆኑ ድምፁ እየተላተመ ይመለስ ነበር፤ የክራሩ ማይክ በየመሐሉ ሲያፏጭ፣ ባለሙያው ፉጨቱን ለማጥፋት ክራሩን ሲቀንስ፣ ክራሩ የጠፋበት ዘፋኝ ደግሞ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የመጀመሪያው ሰዓት አለፈ። ከፊት ረድፍ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት ጎረቤታችን እናት ወንበራቸውን አንሥተው ወደ መሐል ሄዱ፤ ጥቂት ቆይተው ወደ ኋላ ረድፍ ወሰዱት፤ በመጨረሻ ከበሩ ውጭ፣ ባጃጅ ከሚቆምበት ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሙዚቃው አልተስማማዎትም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው «ኧረ ዘፈኑንስ ወድጄዋለሁ፤ ቃሉ የሚለየኝ ግን ከዚህ ስሆን ነው» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ስፒከሮቹን አልተከራየሁም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ፣ ለባህላዊው ምሽት ምንም ዓይነት ማጉያ አይከራዩ የሚል ነው። አርባ ሰው በግማሽ ክብ ሲቀመጥ የመጨረሻው ወንበር ከተጫዋቹ ብዙም አይርቅም፤ ማሲንቆም ከጥንት ጀምሮ አዝማሪው በሰዉ መካከል እየተዘዋወረ በጠጅ ቤትና በሠርግ ዳስ ሲጫወትበት የኖረ የቅርብ መሣሪያ ነው። የከዚራ አሮጌ ቤቶች ሰፊ በረንዳ ስላላቸው የእርስዎም ቤት እንደዚያው ከሆነ ተጫዋቾቹን በረንዳው ላይ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ያስቀምጧቸው፤ ግድግዳውና የበረንዳው ጣሪያ ድምፁን ወደ አድማጩ ይመልሱታል። ከግቢው መሐል ካስቀመጧቸው ግን ብዙው ድምፅ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ለብሉዙ ምሽት ለጊታሩ አንድ ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ለዘፋኙ አንድ ማይክ ይበቃል። በጃዙ ምሽት ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ድራሙ ነው። ድራም ተጫዋቹ በእንጨቱ ፈንታ ድምፁ ለስላሳ በሆነው የድራም ብሩሽ እንዲጫወት አስቀድመው ይስማሙ፤ ድራሙ ከጮኸ ቤዙ ይጨምራል፣ ቤዙ ከጨመረ ኪቦርዱ ይጨምራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለም ወደ ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ይመለሳሉ።

ማድመጥን አብዝቶ የሚያውክ ሌላ ነገር የጁስ መፍጫ ነው። በአንድ ምሽት ትዝታ እየተዜመ ሳለ የማንጎ ጁስ የታዘዘበት መፍጫ ተነሥቶ ዘፋኟ እስኪያበቃ ድረስ ቆማ ጠብቃለች። ከዚያ ወዲህ ጁሱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ሙዚቃው በሚቀርብበት ሰዓትም የሚቀዳው እርሱ ብቻ ነው።

የከተማችን ሙቀት መሣሪያን ከቅኝት የሚያወጣበትን መንገድ ማወቅም ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታዋ ወደ 1,200 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ብርድ የሚመጣ ተጫዋች መሣሪያው እዚህ ጠባዩን እንደሚለውጥ ብዙ ጊዜ አያስብም። የክራርና የማሲንቆ ቆዳ በደረቅና በሞቃት አየር ይወጠራል፣ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ይላላል። የጊታር የብረት ክር በሙቀት ስለሚለጠጥ ድምፁ ይወርዳል፤ ሳክስፎን ግን በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ስለሚወጣ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በደንብ ተቃኝቶ የወጣ ባንድ በሦስተኛው ዘፈን ላይ እርስ በርሱ ይለያያል። መሣሪያዎቹ ሁሉ ዝግጅቱ ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሰዓት አስቀድመው በሚጫወቱበት በረንዳ ላይ፣ ከአየር ማራገቢያ ርቀው ይቀመጡ፤ ሳክስፎን ተጫዋቹ አሥር ደቂቃ ያህል ነፍቶ መሣሪያውን ካሞቀው በኋላ ሌሎቹ ከእርሱ ጋር ይቃኙ።

ለማሲንቆ ተጫዋቹ ደግሞ ሰፋ ያለ ጊዜ ይስጡት። አንድ አዛውንት ማሲንቆ ተጫዋች ሲዘጋጁ አጠገባቸው ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። የደጋኑን ጭራ በዕጣን ጥቂት ጥቂት ያሻሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይገዘግዙና ጆሯቸውን ወደ ቆዳው ያስጠጋሉ፤ መቃኛውን በመዳፋቸው ይዘው ለዓይን በማይታይ መጠን ያዞራሉ፤ እንደገና ያዳምጣሉ። አንድ ክር ብቻ ላለው መሣሪያ ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። ቀድመው የመጡ አድማጮች ወሬያቸውን አቁመው ይህን በጸጥታ ሲከታተሉ ስላየሁ፣ ከዚያ በኋላ ተጫዋቾች ጓዳ ገብተው እንዲቃኙ ጠይቄ አላውቅም። ሰዉ እንዴት ያደምጣል ላሉት ጥያቄ ካየሁት ሁሉ የተሻለው ዘዴ ይህ ነው፤ መቃኘቱን ያየ ሰው የመጀመሪያው ዜማ ሲጀመር ጆሮው ተዘጋጅቶ ይቆያል።

የምሽቶቹን ቅደም ተከተል ወድጄዋለሁ፤ ሆኖም ብዙ ሰው ብሉዝ ሲባል የፈረንጅ ነገር ነው ብሎ እንዳይቀር እሠጋለሁ። ብሉዝ ጥቁር አሜሪካውያን በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ከባርነት ማክተም በኋላ በነበሩት የመከራ ዓመታት ያፈሩት ሙዚቃ ነው። በተለመደው ቅርጹ 12 ባር፣ ማለትም 12 እኩል የምት ክፍሎች ይዞ፣ ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፣ ያንኑ ይደግማል፣ በሦስተኛው መልስ ይሰጥበታል። ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው የባቲ ማይነር አምስት ድምፆች የብሉዝ ጊታር ተጫዋች አዘውትሮ ከሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች ጋር አንድ ናቸው። እንግዲህ የባህላዊውን ምሽት ክራር ተጫዋቹ በባቲ እንዲዘጋው፣ በሳምንቱ ጊታር ተጫዋቹ በዚያው ዜማ ተነሥቶ ወደ ብሉዙ እንዲሻገር ያድርጉ። እኛ ይህን ባደረግንበት ምሽት ጊታሩ ዜማውን ሁለት ጊዜ ሳይዞረው ከኋላ የተቀመጡት በምቱ ማጨብጨብ ጀምረው ነበር። አዝማሪው በባህላዊው ምሽት አድማጩ «ተቀበል» እያለ ግጥም እንዲሰጠው ቢፈቅድ ደግሞ፣ የብሉዝ ስንኝና መልስ ለማንም እንግዳ አይሆንም።

ድሬዳዋ ውስጥ «ባህላዊ» ሲሉ ምን ማለትዎ እንደሆነም እባክዎ ያስቡበት። ከተማችን የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. በመድረሱ የተቆረቆረችና ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ዓረብኛ በአንድ መንገድ ላይ የሚሰሙባት ናት። እዚሁ የተወለደው ዓሊ ቢራ በልጅነቱ በአፍረን ቀሎ የባህል ቡድን ጀምሮ፣ ዑድ የተባለውን ባለክር መሣሪያና ጊታር እየተጫወተ፣ ከኦሮምኛ ሌላ በሐረሪኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በዓረብኛ ዘፍኖ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያረፈ ሰው ነው። እርሱን ባፈራች ከተማ የባህል ምሽት ከማሲንቆና ከክራር ጋር ዑድ ባይኖረው እኔ በበኩሌ ጎደሎ ነው እላለሁ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው መጋላ ሰፈር ውስጥ ቢያጠያይቁ በቤታቸው የሚጫወቱ ሰዎች አያጡም፤ ዑድም እንደ ክራር ያለ ማጉያ በረንዳ ላይ የሚያምር መሣሪያ ነው። ዘፈኖቹ ከመቅረባቸው በፊት አንድ ሰው ስለ ምን እንደሚዘፈን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ቢያንስ በሁለት ቋንቋ ቢናገር የአድማጩን ፊት ሲፈታ ያዩታል።

ለጃዙ ከአራት ተጫዋች አይበልጡ። ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምሮ የእኛን ባለአምስት ድምፅ ቅኝቶች ከጃዝ ኮርዶች፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ከሚሰሙ የድምፅ ጥምሮች ጋር ሲያዋሕድ ዋናው ጭንቀቱ ኮርዱ ቅኝቱን እንዳይውጠው ነበርና፣ ባንድዎም በትንሽ ግቢ ውስጥ ይህንኑ እንዲጠብቅ ይንገሩት። ኪቦርድ ተጫዋቹ በግራ እጁ ካልቆጠበ የትዝታው ዜማ ከሥሩ ይጠፋል።

ሰዓቱን በተመለከተ የዒሻ ሶላት ካበቃ በኋላ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይጀምሩ፤ አዛኑም አይቋረጥም፣ ከሶላት የሚመለሱትም ይደርሳሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ጥቅምትን መምረጥዎ ጥሩ ነው፤ ዝናቡም ሙቀቱም ጋብ ይላል፣ ኅዳር 15 ከሚገባው የነቢያት ጾም በፊትም ይጨርሳሉ። የተጫዋቾቹን ክፍያ ከመግቢያው ገቢ ጋር ሳያያይዙ አስቀድመው ይቁረጡላቸው፤ ሃያ ሰው ብቻ የመጣ እንደሆነ ለዚያ ሃያ ሰው በሙሉ ልባቸው ይጫወታሉ።

የድራም ብሩሽ እዚህ ከተማ ለማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ከሌለው የእኔን ጥንድ ላውስዎ እችላለሁ፤ ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊትም በረንዳውን አይቼ የወንበሮቹን አቀማመጥ አብረን ብንሞክረው ደስ ይለኛል።