ከማማው በፊት በረቱን እዩ

ውድ ወጣቶች፣

የሃይማኖተኛ ኪቡትዞችን፣ ማለትም ሃይማኖታቸውን የሚጠብቁ አይሁድ በጋራ እየሠሩ የሚኖሩባቸውን የእርሻ መንደሮች፣ ታሪክ ማጥናት የጀመረ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የጥበቃ ማማው ላይ ነው። ከእነዚህ አንዷ የሆነችው ቲራት ጽቪ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1937 ዛሬ እስራኤል ውስጥ ባለው በቤት ሸአን ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ቦታ ስትመሠረት አጥሯም ማማዋም በአንድ ቀን ቆሙ። በሁለት ረድፍ ሳንቃ መካከል ጥይት እንዳያሳልፍ ጠጠር ይሞላል፣ እሾኻማ ሽቦ ይወጠራል፣ አስቀድሞ የተሠራው ማማ ይገጣጠማል። በፌብሩዋሪ 1938 ጥቃት ሲደርስባት መንደሯ አልተያዘችም።

አጥር ግን ማንም ያጥራል። ከባዱ ኦሪትን ሳያፈርሱ በጋራ አርሶ መብላት ነበርና በረቱን መርምሩ።

በሰንበት ላም ማለብ ክልክል ነው። ካልታለበች ደግሞ ግቷ ይወጠራል፣ ይቆጣል፤ እንስሳን ማሠቃየትም አይፈቀድም። አይሁዳዊ ያልሆነ አላቢ መቅጠር የቆየ መፍትሔ ነው፤ በራስ ጉልበት መኖርን መርሕ ላደረገ መንደር ግን አይመችም። ወተቱን መሬት ላይ ማለብ ይቻላል፤ ያኔ የአንድ ቀን ገቢ ፈሰሰ ማለት ነው። የማለቢያ ማሽን ሲመጣ ሌላ መንገድ ተገኘ፦ ሞተሩ ሳይነሳ ኩባያዎቹን ጡቶቿ ላይ ያደርጋሉ፣ ዓርብ የተሞላ ሰዓት ኤሌክትሪኩን ይለቃል። ማሽኑ አየር እየሳበ ካልያዘው ኩባያው ስለማይጣበቅ አላቢው በእጁ ደግፎ ይጠብቃል። ሰዓቱ ከዘገየ እጁም ይዝላል፣ ላሟም ትራገጣለች።

ቀጥሎ ሰባተኛው ዓመት፣ ሽሚታ፤ በኦሪት ሕግ የአይሁድ መሬት ሳይታረስ የሚያርፍበት ዓመት። ቲራት ጽቪ ገና ሦስት ወር ሳይሞላት ገባባት። አብዛኞቹ ሃይማኖተኛ ኪቡትዞች መሬቱን ለዓመቱ አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው በሚሸጠው ፈቃድ ተጠቀሙ። በ1944 የተመሠረተችው ሐፌጽ ሐይም ግን ይህን አልተቀበለችም፤ በኋላ አትክልትን ያለ አፈር በውኃ ወደ ማብቀል ሄደች። እንደ እኔ ከሁሉም ደፋሩ ሙከራ ይኸኛው ነው፤ ከማማው ፎቶግራፍ ያነሰ መወራቱ ይገርመኛል።

የፍራፍሬውን ሒሳብ ስታዩም የተከላውን ቀን ፈልጉ። የአዲስ ዛፍ ፍሬ ሦስት ዓመት አይበላም፣ የአራተኛው ዓመት ፍሬም የሚበላው በገንዘብ ከተዋጀ በኋላ ነው። ችግኙ ከአይሁድ አዲስ ዓመት ቢያንስ 44 ቀን ቀድሞ ከተተከለ ያ ጥቂት ጊዜ እንደ አንድ ዓመት ይቆጠርለታል። በአንድ ቀን ያሳለፈ መንደር ቆጠራውን ከአዲሱ ዓመት ይጀምራል፤ እስከዚያ የሚያኖረው ወተቱና አትክልቱ ነው።