አዳማ ላለሽው እህቴ፦ የአባትሽ አንደበት ሳለ ወረቀቱን አስጨርሺ

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። አባትሽ 74 ዓመታቸው ነው፣ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዞታል፣ እየተንተባተቡም ቢሆን ይናገራሉ፤ አንቺ ሥራ ትውያለሽ፣ ወንድምሽ አሜሪካ ነው። አስታማሚ ከየት ላግኝ፣ ኑዛዜ ማንሳትስ ነውር ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ከጥያቄሽ ሥር «አይዞሽ፣ በጸሎት በርቺ» ያሉሽን አየሁ፤ ጸሎቱ ይኑር። እኔ ግን የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ የነበረ አባቴን እዚሁ አዳማ እስኪያርፍ ድረስ በእጄ አስታምሜያለሁ። ወንድ ልጅ ዳይፐር ሲቀይር ያየ ጎረቤት መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር፤ የራሱ አባት ሲወድቅ ግን ሌሊት በሬን ያንኳኳው እሱ ነው።

1. አስታማሚ በደላላ አትፈልጊ። ደላላው የሚያመጣልሽ የቤት ሠራተኛ ናት። እሷ ለወጥና ለልብስ እንጂ ትልቅ ሰው ለማገላበጥ አልመጣችም፤ ወር ሳይሞላ ሻንጣዋን ታነሳለች፣ አልፈርድባትም። አባትሽ የተኙበት ክፍል ተመለሺና ነርሶቹን ጠይቂ። ከተረኝነታቸው ውጪ ቤት ለቤት እየዞሩ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) የሚቀይሩ፣ ቁስል የሚያጥቡ አሉ። ለቀኑ ደግሞ ወንድ አስታማሚ ይሁን፤ አባትሽ አይናገሩትም እንጂ በሴት ፊት መገላለጥ ይጨንቃቸዋል። ስትቀጥሪው በየሁለት ሰዓቱ እንደሚያገላብጣቸው አስምለሽ ቅጠሪው። በአዳማ ሙቀት ጀርባ በላብ ርሶ ነው የሚውለው፤ የአልጋ ቁስል አንዴ ከጀመረ መልሶ ማዳን አበሳ ነው።

ደግሞ እንደ አባቴ የወንጂ ሰው ከሆኑ (ዕድሜያቸው ያንን ይመስላል) ተጠንቀቂ። የዚያ አገር የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር፤ ጥርስ ማበለዙን ሁሉም ያያል፣ አጥንት ማድረቁን ግን ያስታመመ ነው የሚያውቀው። የድሮ ሠራተኞች አንገታቸው አልዞር ብሎ ከነትከሻቸው ሲዞሩ እያየን ነው ያደግነው። እንዲህ ያለ ሰው በክንዱ ተጎትቶ አይነሳም። አንሶላ አጥፈሽ ከሥራቸው አንጥፊና ሁለት ሆናችሁ በአንሶላው አገላብጧቸው።

2. ምግብ። ውሃና ሻይ ቀጭን ስለሆነ ትን ይላቸዋል፣ ትን ያለው ደግሞ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ቀና አድርገሽ አስቀምጪያቸውና ወፈር ያለ አጥሚት በማንኪያ ስጪያቸው። እንደበሉ ወዲያው አታስተኚያቸው።

3. ወረቀት። ወደዚህ ለመድረስ ነው የቸኮልኩት።

የአባቴ የመጀመሪያ ስትሮክ ቀላል ነበር፤ እንደ አባትሽ ይናገር ነበር። ያኔ «ውክልና ይስጥ፣ ኑዛዜውንም በአፉ ይናገር» ስል ታላቅ ወንድሜ «በቁሙ ልትካፈሉት ነው?» ብሎ ቤቱን አመሰው። አክስቶቼ «አታሟርት» አሉኝ። ሁለተኛው ስትሮክ መጣና ንግግሩን ጠቅልሎ ወሰደው። ጡረታው በየወሩ ባንክ ይገባል፣ ማውጣት ግን የለም። የቀኝ እጁ ስለማይሠራ ፊርማው ከድሮው ጋር አይገጥምም። ብሩ ባንክ ተቀምጦ እኛ ዳይፐር በዱቤ እንገዛለን።

ውክልና ለማሠራት የሄድኩበት ቢሮ (ስሙን አልጠራም) «ራሱ ይምጣ» አለ። የጎረቤት ሚኒባስ ለምነን አስተኝተን ወሰድነው። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የሚባል የለም። የሰፈር ጎረምሶች ከነዊልቸሩ ተሸክመው አወጡት። ሴትየዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ይሄ ምንህ ነው?» አለችው። ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰውዬ፣ አንተ! አባቴ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣ አለው፣ እንባው ወረደ። «አእምሮው ልክ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ሞግዚት አሹሙ» ብላ ወረቀታችንን ገፋችልኝ። እስከ ዛሬ በዚያ ፎቅ ሥር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

አለመናገርና አለማወቅ አንድ ነው ያለው ማነው? አባቴ ሬዲዮ ይከታተል ነበር፣ የልጅ ልጁን ስም ብታሳስቺ ራሱን ይነቀንቅብሽ ነበር። መንገዱን የከፈተልን የሐኪም ደብዳቤ ነው። ያከመው ሐኪም «ንግግሩ ተጎድቷል፤ ይሰማል፣ ይረዳል፣ ፈቃዱን በምልክት ይገልጻል» ብሎ ጽፎ ማኅተም መታልኝ። እሱን አያይዤ ለኃላፊው ማመልከቻ አስገባሁ። በቃል አትከራከሪ፣ በጽሑፍ አስገቢና በቅጂሽ ላይ «ገቢ ሆኗል» አስብለሽ አስመቺበት፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ብለው አይሸኙሽም። በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ ቤት ድረስ መጣ። አልጋው አጠገብ ተቀምጦ «አባባ፣ ልጅዎ ጡረታዎን እያወጣ ያስታምምዎ? አዎ ካሉ እጄን ይያዙኝ» አለው። አባቴ በግራ እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዘው። አሻራውን ሰጠ፣ አለቀ። የተማሩት ወንድሞቼ ያልቻሉትን እኔ አስጨረስኩት፤ ይህንን ደጋግሜ ብናገረው አይግረምሽ።

በቁጥር መዘርዘሩን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ፣ አልሆነልኝም።

ውክልናው ላይ ጡረታ መቀበል፣ ከባንክ ማውጣት፣ ማሳከም እያልሽ አንድ በአንድ አስጽፊ። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ይጠየቃል። የፋይዳ መታወቂያም ከሌላቸው ዛሬ ነገ አትበዪ፣ ባንኮቹ ይጠይቃሉ። ደግሞ ውክልና የሚሠራው ወካዩ በሕይወት እስካለ ነው። አባቴ ያረፈ ዕለት የእኔም ሥልጣን አብሮ አከተመ፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ነው። በማግስቱ በኤቲኤም እናውጣ የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ካርዱን ደብቂ።

ኑዛዜ ነውር ነው ወይ ላልሽው፣ ነውሩ አጀማመሩ ላይ ነው። ልጅ ሲጀምረው ርስት የቋመጠ ይመስላል። አባቴ ካረፈ በኋላ ለእናቴ ጉዳዩን ያነሱላት የንስሐ አባቷ ናቸው፤ ቡና ተፈልቶ ሳለ «ቤትሽን አደራጂ እንጂ» አሏት፣ ራሷ «ጻፉልኝ» አለች። የእድሩ ጸሐፊ ጻፈ፣ በእሷና በአራት ምስክሮች ፊት ተነበበ፣ መነበቡም እዚያው ተጽፎ ሁሉም ፈረሙ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው፤ አንዱ ምስክር ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። የሚወርስ ሰው ምስክር አይሁን። አባትና እናትሽ ደግሞ በአንድ ወረቀት እንዳይናዘዙ፣ ሕጉ አይቀበለውም፤ ለየብቻ ይጻፉ። በራስ እጅ የሚጻፍም አለ፤ ሙሉውን ራሳቸው መጻፍ አለባቸው፣ ቀኝ እጃቸው ከተያዘ ግን ለአባትሽ አይሆንም። በቃል ነገረን ብላችሁም እንዳትዘናጉ፤ የቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር፣ ስለ ትናንሽ ልጆች አሳዳጊና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው፣ ቤት አያወርስም። አየሽ፣ አባትሽ በአፋቸው ማስጻፍ የሚችሉት ዛሬ ነው። የእኔ አባት ይህ አመለጠው፤ የቤቱ ክርክር ገና አላለቀም፣ ያ «በቁሙ ልትካፈሉት ነው?» ያለው ወንድሜም ዛሬ ከሳሽ ሆኖ ተቀምጧል።

የእናትሽን የጋብቻ ማስረጃም አሁኑኑ እዪ። ባል ሲሞት ሚስት የጡረታውን ግማሽ ታገኛለች፣ መጋባቷን ግን በወረቀት ታሳያለች። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ነው፤ የእነሱ ትውልድ በሽማግሌ ተጋብቶ ዝም ብሎ ኖሯል። ሁለቱም ባሉበት ማስመዝገብና አንዱ ካለፈ በኋላ ምስክር እየቆጠሩ መንከራተት በጣም ይለያያል። እናቴን ጠይቂያት።

የእድራቸውን ወርሃዊ ክፍያ ማን እየከፈለ እንደሆነም አረጋግጪ። ታማሚ ሲተኛ የሚረሳው እሱ ነው፣ ውዝፉ ሲበዛ ደግሞ ያሰርዛል።

ወንድምሽ በቪዲዮ ደውሎ «የአረጋውያን ማዕከል አስገቧቸው» ማለቱ አይቀርም፣ የእኛም ዘመድ ብሏል። መቄዶንያን የመሰለው ቦታ ጎዳና ለወደቀ፣ ጠያቂ ለሌለው ነው፤ አባትሽ ልጆች አሏቸው። ምክሩን ትቶ የአስታማሚውን ደሞዝ በየወሩ ይላክ፣ ቀኑንም ቆርጦ ይንገርሽ።

ለአልጋ ቁስሉ ብለሽ የአየር ፍራሽ እንዳትገዢ። የአባቴ ከነፓምፑ ቤቴ አለ፣ ታጥቧል፣ ይሠራል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ቅዳሜ ከሰዓት ባጃጅ ይዘሽ ነይ፤ ሲጨርሱበት ለሌላ ታማሚ ታስተላልፊዋለሽ።