ነጥባቸው 6 ነው፤ ግን ወሬ መሀል ያንጎላጃሉ

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ የምንኖረው ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። ከምሳ በኋላ ቀርቶ ቡና ላይ እያወራን እንኳ ያንጎላጃሉ። ሕክምና ስንሄድ ኤፕዎርዝ የሚባል፣ የቀን እንቅልፍን የሚለካ መጠይቅ ተሞላላቸውና 6 አመጡ፤ “ደህና ናቸው” ተባልን። ልቀበለው?

መልስ፦ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ስንቱ ጥያቄ በትክክል እንደተመለሰ ይዩ። መጠይቁን መሬይ ጆንስ የተባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1991 አወጡት። ስምንት ሁኔታዎች አሉት፦ ተቀምጦ ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየት፣ ሰው በተሰበሰበበት ዝም ብሎ መቀመጥ፣ አንድ ሰዓት መኪና ተሳፍሮ መሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለት፣ ተቀምጦ ማውራት፣ ያለ መጠጥ ምሳ በልቶ መቀመጥ፣ መኪናው መንገድ ላይ ለደቂቃዎች ሲቆም። እያንዳንዱ እንደ ማንቀላፋት ዕድሉ ከ0 እስከ 3 ያገኛል፤ ድምሩ ከ10 ካለፈ የቀን እንቅልፉ በዝቷል ይባላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ንባብ የሌላቸው፣ ቴሌቪዥን የማያዩ፣ መኪና ብዙም የማይሳፈሩ አዛውንት “ይኼን አላደርግም” ሲሉ ብዙ ጊዜ 0 ይጻፍላቸዋል። ያልተመለሰ ጥያቄ ግን 0 አይደለም፤ አንድ እንኳ ከጎደለ ድምሩ አይሠራም። መመሪያውም ያላደረጉትን “ቢሆን ኖሮስ?” ብለው እንዲገምቱ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ 6 ያለው ወረቀት ብዙም አያጽናናም። ወሬ መሀል ማንጎላጀት ደግሞ ከስምንቱ ከባድ ከሚባሉት ምልክቶች አንዱ ነው፤ ከምሳ በኋላ ሸለብ ማድረግ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ይታያል።

ዕድር ላይ ወይም ስብከት ሲሰሙ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ሲሄዱ ምን እንደሚሆኑ አብሯቸው የሚውል ሰው ለብቻው ይመልስ። ይህ ለሐኪሙ መረጃ ነው እንጂ ከ10 ጋር አይነጻጸርም። ሌላ ሰው ይመልስ ያልነው አዛውንቱ ራሳቸው “ደከመኝ እንጂ አልተኛሁም” ማለታቸው የተለመደ ስለሆነ ነው።

ከዚያ ለ14 ቀን ይመዝግቡ፦ የተኙበትና የተነሡበት ሰዓት፣ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ እንደተነሡ፣ ቀን የት ስንት ደቂቃ እንዳንቀላፉ። ማኅሌት ያደሩበትን ቀን ለይተው ያመልክቱ፤ በማግስቱ ማንቀላፋት እንቅልፍ ማጣት እንጂ በሽታ ላይሆን ይችላል። ማታ አረቄ ከቀመሱም ይጻፍ። እናትዎ ደግሞ ያዳምጡ፦ እያንኮራፉ ትንፋሻቸው 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ቆሞ በድንገት የሚመለስ ከሆነ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ይጠረጠራል፤ በስልክ ቢቀዱት ሐኪሙን ይረዳል።

የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። የጉንፋን ክኒን ውስጥ ያለው ክሎርፌኒራሚን፣ ዳያዜፓምና አሚትሪፕቲሊን ቀን ያስተኛሉ፤ የሚያሸና የደም ግፊት ክኒን ማታ ከተዋጠ ሌሊቱን ያመላልሳል። በራስዎ ግን አያቋርጡ። እንቅርት ካለባቸው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የታይሮይድ፣ የደም ማነስና የስኳር ምርመራ ይጠይቁ። በደጋው ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛትም አለ፦ ጠዋት ራስ ምታትና ድንዛዜ ካለ፣ በተለይ ሌላው ቤተሰብም ከተሰማው፣ ከከሰሉ የሚወጣውን መርዛማ ጋዝ ይጠርጥሩ። ማንደጃው ከመኝታ ክፍል ይውጣ።

ማንቀላፋቱ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ ንግግር ከተዘባረቀ፣ ከወደቁ በኋላ ከሆነ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መጠይቁንም ምዝገባውንም ይተዉትና የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ያድርሷቸው።